«ገበሬው ይጠንቀቅ» ማለት ብቻ ይበቃልን?



በገጠሩ ሕዝባችን አነጋገር «መድኃኒት» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። በሽተኛ የሚፈወስበትም፣ በሰብል ላይ የሚረጨውም በዚሁ በአንድ ስም ይጠራሉ። ቃሉ መዳንን የሚያመለክት ነው፤ በጸሎታችንም የዓለም መድኃኒት ብለን የምንጠራው ጌታችንን ነው። በጀርባ በሚታዘለው መርጫ ተሞልቶ በቲማቲሙ፣ በሽንኩርቱ፣ በጤፉና በስንዴው ላይ የሚረጨው ነገር ግን የተሠራው ለመግደል ነው። ትሉንና ክሽክሹን፣ ዋጉንና አረሙን የሚያጠፋው መርዝ በመሆኑ ነው።

ገበሬው ይህን ስም የሰጠው ራሱንም ሆነ ሌላውን ለማታለል አይደለም፤ ሰብሉን ከጥፋት ስላዳነለት ነው። ይህንንም ጥቅም መካድ አይገባንም። ተባይ የዓመቱን ድካም በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዴት እንደሚበላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 በአገራችን የተዛመተው የበረሃ አንበጣ አሳይቶናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ፀረ ተባይ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚል አይደለም፤ ሁለቱንም እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ጉዳቱ ሲደርስ በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ተጠያቂው ማን ነው? የረጨው ገበሬ ብቻውን ነውን? ወይስ መርዙን የሠራው፣ ያስገባው፣ የሸጠውና እንዲሸጥ የፈቀደውም አብረው ይጠየቃሉ?

ጉዳቱ ምን ያህል ነው?

በየዓመቱ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ሰዎች ሳያስቡት በፀረ ተባይ ይመረዛሉ፤ ከእነዚህም የሚሞቱ አሉ። ከዓለም ገበሬዎችና የእርሻ ሠራተኞች መካከልም ብዙዎችን የመመረዝ ሕመም ያገኛቸዋል። ከሞቱት ቁጥር በስተጀርባ ራስ ምታቱ፣ ማስታወኩ፣ የዓይን መደብዘዙና የእጅ መንቀጥቀጡ አለ። ብዙው ሰው እንዲህ ያለውን ሕመም የሥራ ድካም ነው ብሎ ያልፈዋል እንጂ ወደ ጤና ጣቢያ አይሄድም።

መርዙ ከረጪው ሰው ላይ ብቻ አይቀርም። አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ምሁር ራሔል ካርሰን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመችው መጽሐፍ ዲዲቲና መሰሎቹ በአፈርና በውኃ ውስጥ ለረጅም ዘመን እንደሚቆዩ፣ ከትንሹ ነፍሳት ወደ ዓሣው፣ ከዓሣው ወደ ወፉ እየተሸጋገሩ በእንስሳት ስብ ውስጥ እንደሚከማቹ ለዓለም አሳውቃለች። እንዲህ ያለው መርዝ በእናት ጡት ወተት ውስጥ መገኘቱም ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች ተረጋግጧል። ትናንት በማሳ ላይ የፈሰሰው ነገ ገና በሚወለደው ሕፃን አፍ ውስጥ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የስምጥ ሸለቆውን ምድር ማሰብ ይበቃል። በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያና በመቂ አካባቢ በመስኖ የሚለማው ቲማቲምና ሽንኩርት ለብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ሆኗል። ሞቃቱ አየር ለሰብሉ እንደሚስማማ ሁሉ ለተባዩም ይስማማዋል፤ ስለሆነም ርጭቱ በአንድ የምርት ወቅት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ሁለትና ሦስት ዓይነት መርዝ በአንድ ላይ መቀላቀል፣ ያለ ጓንትና ያለ ቦት ጫማ መርጨት፣ ባዶውን ዕቃ አጥቦ ውኃ ወይም ዘይት መያዣ ማድረግ የተለመዱ ነገሮች ናቸው። ከማሳው የሚወርደው ጎርፍ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከሐይቁ ደግሞ ዓሣ ይጠመዳል፣ ውኃም ይቀዳል። አበባውን ቀስማ ወደ ቀፎዋ የምትመለሰው ንብም ማሳው መቼ እንደተረጨ የሚነግራት የለም።

የመከረኝነት ትርጉምና ወሰኑ

ይህን ሁሉ ስናይ ፈጥኖ የሚመጣልን መልስ ምክር ነው፤ «ገበሬው ይጠንቀቅ፤ ጓንት ያድርግ፤ አፉንና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ነፋስ በሚነፍስበት ጊዜ አይርጭ፤ ከረጨ በኋላ ይታጠብ፤ የተወሰነው ቀን ሳይሞላ ምርቱን አይልቀም» እንላለን። ምክሩ እውነት ነው፤ ሕይወትንም ያድናል። በየቁምስናው ቢነገር ደስ ይለናል። ነገር ግን ምክር ሰጥተን ስናበቃ ግዴታችንን ፈጽመናልን?

እስቲ ምክሩ የሚሰጠውን ሰው እንመልከተው። በዕቃው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በባዕድ ቋንቋ ነው፤ በሚያውቀው ቋንቋ ቢጻፍም ፊደሉ እጅግ ደቃቅ ነው፤ ማንበብ የማይችለውም ጥቂት አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ሙሉውን ዕቃ ሳይሆን በገበያ መካከል ወደ ትንሽ ጠርሙስ የተገለበጠውን፣ ስም የሌለውን ነው። መከላከያ ልብሱ ከመርዙ ይበልጥ ሊወደድ ይችላል፤ በቆላው ፀሐይ ሥር ለብሶት መዋልም ሌላ ፈተና ነው። ምን ያህል ልርጭ ብሎ የሚጠይቀውም ብዙ ጊዜ ባለ ሱቁን ነው፤ ባለ ሱቁ ደግሞ የሚያተርፈው ብዙ በሸጠ መጠን ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ተጠንቀቅ» ብሎ መተው፣ ከሁሉ ያነሰ እውቀትና አቅም ባለው ትከሻ ላይ ከሁሉ የከበደውን ሸክም መጫን ነው።

ከዚህም በላይ፣ መጠንቀቅ ከቶ የማይችሉ አሉ። በአጠገቡ ማሳ ከብት የሚጠብቀው ልጅ ነፋሱን ማስቆም አይችልም። ከወንዙ በታች የምትቀዳው እናት በላይኛው ማሳ ምን እንደተረጨ አታውቅም። በከተማ ገበያ ቲማቲም የሚገዛው ሰው ፍሬው በምን ቀን እንደተረጨና በምን ቀን እንደተለቀመ የሚያይበት ዓይን የለውም። እነዚህን ሁሉ ምክር አይደርስላቸውም።

ቅዱሳት መጻሕፍት ይህን ጉዳይ በሚያስደንቅ ግልጽነት ነክተውታል። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 በዕውር ፊት ዕንቅፋት ማኖርን ይከለክላል። ማንበብ ለማይችል ሰው ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ብቻ የተነገረውን መርዝ መሸጥ ከዚህ በምን ይለያል? ኦሪት ዘዳግም ደግሞ በምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ፣ ሰው ከዚያ ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይመጣ ያዛል። በዚያ አገር ጣራው ጠፍጣፋ፣ ሰው የሚመላለስበት ነበርና ነው። ልብ ብለን እንመልከት፤ ትእዛዙ የተሰጠው ለእንግዳው ሳይሆን ለቤቱ ሠሪ ነው። እንግዳው እግሩን ይመልከት አላለም፤ ባለ ቤቱ መከታ ይሥራ አለ እንጂ። እንግዳው ቢጠነቀቅ መልካም ነው፤ የደሙ ዕዳ ግን በቤቱ ሠሪ ላይ ነው።

እንግዲህ በእርሻችን ዙሪያ ይህን መከታ የሚሠራው ማን ነው? ስሙም ሕግ ይባላል።

ሕግ የፍቅር መሣሪያ ሲሆን

ብዙዎቻችን ሕግን ከቅጣትና ከእስር ጋር ብቻ አያይዘን እናስበዋለን። ቅዱስ ቶማስ ዘአኵዊኖ ግን ሕግ ማለት ለጋራ ጥቅም የተደረገ የአእምሮ ሥርዓት ነው፤ ማኅበሩን የመጠበቅ ኃላፊነት ባለበት የሚወጣ፣ ለሕዝብም የተገለጠ ሊሆን ይገባል በማለት አስተምሯል። በዚህ ሚዛን ስንመዝነው ጥሩ ሕግ ለባልንጀራ የምናደርገው ፍቅር ሰፊ መልክ ነው፤ በስም የማናውቀውን ሰው ሁሉ የምንጠብቅበት ነውና። የሁለት አገሮችን ታሪክ በምሳሌነት እናቅርብ።

በኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መንግሥት ገበሬው ፀረ ተባይ በርካሽ እንዲያገኝ ከፍተኛ ድጎማ ያደርግ ነበር። የሩዝን ግንድ እየመጠጠች የምታደርቅ አንዲት ትንሽ ነፍሳት ግን ርጭቱ በበዛ ቁጥር እየበዛች ሄደች። ምክንያቱ ሲመረመር፣ መርዙ እርሷን የሚበሏትን ሸረሪቶችና ሌሎች የተፈጥሮ ጠላቶቿን አስቀድሞ እንደፈጀ ታወቀ፤ ለካ መድኃኒት የተባለው በሽታውን ይቀልብ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1986 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ባወጡት ትእዛዝ 57 ዓይነት ፀረ ተባዮች በሩዝ ላይ እንዳይረጩ ተከለከሉ፤ ድጎማውም ደረጃ በደረጃ እየተቀነሰ እ.ኤ.አ. በ1989 ፈጽሞ ቀረ። ከዚያ የተረፈው ገንዘብ ሳይባክን፣ ገበሬዎች በራሳቸው ማሳ ላይ ተሰብስበው ጎጂውን ነፍሳት ከጠቃሚው መለየት የሚማሩበት የማሳ ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው። ርጭቱ በብዙ ቀነሰ፤ የሩዙ ምርት ግን አልቀነሰም።

ስሪላንካ ደግሞ ሁለት ትምህርት በአንድ ላይ ትሰጠናለች። በዚያች አገር ብዙ ሰዎች፣ በተለይም ወጣቶች፣ በድንገተኛ ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ ጊዜ በቤት የተቀመጠ የእርሻ መርዝ ሕይወታቸውን ይቀጥፍ ነበር። መንግሥት እጅግ አደገኛ የሆኑትን ዓይነቶች እ.ኤ.አ. በ1995፣ በ1998፣ ቀጥሎም ከ2008 እስከ 2011 በየተራ ከገበያ አስወጣ። በሃያ ዓመት ውስጥ ራስን የማጥፋት ሞት ወደ 70 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ጥናቶች እንደሚገምቱት 93 ሺህ ያህል ሰዎች በሕይወት ተርፈዋል። የሰብሉም ምርት በዚህ የተነሣ አልወደቀም። የሰውን ሐዘን ሕግ አያስወግድም፤ ነገር ግን በክፉዋ ሰዓት እጁ የማይደርስበትን ስላደረገለት፣ ያ ሰው ነገን አይቶ ወደ ቤተ ሰቡ፣ ወደ ንስሐና ወደ መጽናናት እንዲመለስ ጊዜ ሰጠው። የነፍስ እረኞች የሆንን ሁሉ ይህን ልናስብ ይገባናል።

ይህችው አገር እ.ኤ.አ. በ2021 የፀደይ ወራት የኬሚካል ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ወደ አገር መግባታቸውን በአንድ ጊዜ ከለከለች። ገበሬው አልተዘጋጀም፤ በምትኩ የሚጠቀምበትም አልቀረበለትም። የሩዝና የሻይ ምርት ክፉኛ ወደቀ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ገደማም እገዳው ተነሣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው። የመጀመሪያው ሕግ ተጠንቶ፣ ተለይቶና በየተራ የወጣ በመሆኑ ሕይወት አዳነ፤ ሁለተኛው አሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ የአእምሮ ሥርዓት ስለጎደለው ድኻውን ጎዳ። እንግዲህ የምንሻው መርዝን ሁሉ በአንድ ሌሊት የሚከለክል ሳይሆን፣ ከሁሉ የከፋውን አስቀድሞ የሚያስወግድና ገበሬውን እየደገፈ ርጭቱን የሚያስቀንስ ሕግ ነው።

በአገራችን ያለው ሕግ

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ሕግ አልባ አይደለችም። በ1982 ዓ.ም. ስለ ፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር ልዩ ድንጋጌ ወጥቶ ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 674 ተተካ። በዚህ አዋጅ መሠረት ፀረ ተባይ ተመርምሮ ሳይመዘገብ ወደ አገር ሊገባም ሆነ ሊሸጥ አይገባውም። አገራችን እጅግ አደገኛና ዘመን ተሻጋሪ የሆኑትን መርዞች የሚመለከተው የስቶክሆልም ስምምነትና ስለ አደገኛ ኬሚካሎች ንግድ የተደረገው የሮተርዳም ስምምነት አባል ናት።

ሆኖም ሕግ ለሕዝብ የተገለጠ ይሁን ሲባል በጋዜጣ መታተሙ ብቻ አይደለም፤ ገበያው ድረስ ወርዶ መታየት አለበት። ለጥጥ ወይም ለሌላ ሰብል የተፈቀደው መርዝ ወደ አትክልት ማሳ ሲሻገር፣ ጠርሙሱ ያለ ስም ሲሸጥ፣ የሚቆጣጠረው ባለሙያ ከወረዳው ስፋት ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር፣ መከታው በወረቀት ላይ ተሥሎ በጣራው ላይ ግን አልተሠራም ማለት ነው። ጥንቃቄ የጎደለው ግዢና ዕርዳታ ምን እንደሚያስከትልም ከራሳችን ታሪክ ተምረናል። በልዩ ልዩ ጊዜ የተገዙና በዕርዳታ የመጡ መርዞች ጊዜያቸው አልፎ በየመጋዘኑ ሲያፈስሱ ኖረው፣ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ የሚሆነው በመርከብ ተጭኖ ወደ ፊንላንድ ሄዶ መቃጠል ግድ ሆኗል። ለማስወገድ የወጣው ወጪና ድካም አስቀድሞ ለመከላከል ከሚበቃው እጅግ ይበልጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

በአገሮች መካከል ያለው ኢፍትሐዊነትም ዝም ሊባል አይገባውም። ወደ አውሮፓ የሚላከው ፍሬና አትክልት በላዩ ላይ የቀረው መርዝ ተለክቶ፣ ከተወሰነው ካለፈ ይመለሳል፤ በአገር ውስጥ ገበያ የሚሸጠው ግን እንዲህ ባለው ጥብቅ የዘወትር ምርመራ ውስጥ አያልፍም። በሌላ በኩል በአውሮፓ ማሳ ላይ እንዳይረጭ የተከለከለው መርዝ በዚያው ተሠርቶ ወደ ድኾች አገሮች ሲሸጥ ኖሯል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ ይህን ንግድ ከ2022 ጀምሮ ለመከልከል መነሣቷ የሚመሰገን ጅምር ነው። ለአንዱ ሕፃን መርዝ የሆነው ለሌላው ሕፃን ሸቀጥ ሊሆን አይችልም፤ ሁለቱም በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠሩ ናቸውና።

ሁለት ተቃውሞዎች

አንዳንዶች «የተራበ ሕዝብ አስቀድሞ እህል ያስፈልገዋል፤ ይህ ሁሉ የሀብታሞች ጭንቀት ነው» ይላሉ። ተቃውሞው ከርኅራኄ የመጣ ስለሆነ እናከብረዋለን። ነገር ግን በመርዙ አስቀድሞ የሚታመመው ሀብታሙ ሳይሆን ድኻው ረጪ ነው። ርጭት መቀነስ ማለትም ገበሬውን ለተባይ አሳልፎ መስጠት አይደለም። በአርባ ምንጭ አካባቢ ፓን ኢትዮጵያ ከተባለው ድርጅት ጋር የሠሩ የጥጥ ገበሬዎች፣ ከበቆሎ የተዘጋጀ ምግብ በማሳው ላይ እየረጩ ተባይ የሚበሉትን ነፍሳት ወደ ጥጡ በመሳብ ያለ መርዝ ማምረት ችለዋል። የጎደለው ብዙ ጊዜ ብልሃቱ ሳይሆን፣ ብልሃቱን ወደ ገበሬው የሚያደርሰው ድጋፍ ነው። ከፍ ያለው አካል ዝቅ ያለውን ይደግፈው እንጂ አይተካው፣ ብቻውንም አይተወው የሚለው የቤተ ክርስቲያን ማኅበራዊ ትምህርት እዚህ ላይ ይሠራል፤ ማሳውን የሚያውቀው ገበሬው ነው፤ ከወደብ የሚገባውን መርዝ ማቆም የሚችለው ግን መንግሥት ነው።

ሌሎች ደግሞ «ይህ የግብርና ቢሮ ጉዳይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንን ምን አገባት?» ይላሉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1990 ለዓለም የሰላም ቀን ባስተላለፉት መልእክት የአካባቢ መበላሸት የሥነ ምግባር ጉዳይ መሆኑን አስተምረዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ውዳሴ ለአንተ ይሁን» በተባለው መልእክታቸው የእርሻ መርዞችን ጉዳት በስም ጠቅሰዋል። አምስተኛው ትእዛዝ አትግደል የሚለው በጦርና በጎራዴ ብቻ የሚፈጸም ወይም የሚጣስ አይደለም።

ምን እናድርግ?

ዓለም በታኅሣሥ 2022 (እ.ኤ.አ.) በሞንትሪያል በተስማማበት የብዝኃ ሕይወት ማዕቀፍ፣ ፀረ ተባይ የሚያስከትለውን አደጋ እስከ 2030 ቢያንስ በግማሽ ለመቀነስ ታቅዷል። ይህ ዕቅድ ፍሬ የሚያፈራው በየአገሩ፣ በየወረዳው ሲሠራበት ነው። ስለዚህ ከመንግሥት የምንጠብቀው ይህ ነው፦ እጅግ አደገኛ የሆኑት ዓይነቶች በየተራ ከገበያ ይውጡ፤ በዕቃው ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ በሕዝቡ ቋንቋና በሥዕል ይሁን፤ ገበሬውን የሚመክረው ከሽያጩ የማያተርፍ ባለሙያ ይሁን፤ ለአገር ውስጥ ገበያ የሚቀርበው አትክልትም ይመርመር፤ ባዶውን ዕቃ የመሰብሰብ ግዴታ በአስመጪውና በሻጩ ላይ ይጣል፤ ያለ መርዝ ወይም በጥቂት መርዝ ለሚያመርት ገበሬ ድጋፍ ይደረግለት።

እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ ከገበሬው ጋር በአንድ መንደር የምትኖሩ ናችሁ። ማንበብ ለማይችለው አንብቡለት። ባዶው ዕቃ ተበስቶ ከጥቅም ውጪ እንዲሆን፣ ለልጆች መጠጫ እንዳይውል አስተምሩ። መርዝ በቤት ውስጥ ክፍት እንዳይቀመጥ፣ ሐዘን የበረታበት ሰው ባለበት ቤት ደግሞ ከቶ እንዳይኖር ንገሩ። ከዚህም አልፋችሁ፣ በገበያችሁ ስም የሌለው ጠርሙስ ሲሸጥ ስታዩ ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አስታውቁ፤ በቀበሌው ስብሰባ ጊዜ ጥያቄውን በትሕትናና በድፍረት አንሡ። ምክራችሁ እንግዳው እግሩን እንዲያይ ይረዳዋል፤ ጥያቄያችሁ ደግሞ ባለ ቤቱ መከታውን እንዲሠራ ያስታውሰዋል። አንዱ ሌላውን አይተካውም፤ ሁለቱም ከእኛ ይፈለጋሉ።